ከቤታችን የሚረዝመው ሸራ

ለባለቤቴ፣ ለይርጋዬ፣

እንደምን ሰነበትህ አልልህም፤ አንተ ካለህበት ክፉ የለም ይላሉ። ከተለየኸኝ ወዲህ ክረምቱ ሁለቴ ገብቶ ወጣ፤ አሁን ጽጌ ነው። ዛሬ ግን የለቅሶ ደብዳቤ አልጽፍልህም። ሥዕልህ ገዳም ገባ! ሰማህ? የእመቤታችን ስደት ገባ! ከታንኳ እንደወረድሁ፣ የቀሚሴ ጫፍ እንደራሰ ነው የተቀመጥሁት፤ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው እንዳይነግርህ ብዬ።

ቆይ፣ መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ያችው አንድ ክፍል የቀበሌ ቤታችን ናት። ያፈስ የነበረውን ጣሪያ አስጠገንሁት። ከደጃፍ የተከልሃት ፓፓያ አፍርታ ጎረቤቱ ሁሉ ይለምነኛል። እኔም እዚያው ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል አለሁ። ቀበሌው ደግሞ ካንተ ወዲያ መፈክር የሚጽፍለት አጥቶ ሲቸገር ከረመ። አንዱን ሰውዬ አምጥተው ለአብዮት በዓል ያንን ጢማም ፈረንጅ ቢያሥሉት፣ ቁርጥ የሰፈራችንን ቄስ አስመስሎት አረፈ! ቄሱ በዚያ በኩል ማለፍ ትተዋል። አንተ ብታይ እንዴት ትስቅ እንደነበር አስቤ ብቻዬን ሳቅሁ።

አንተ እኮ ከሰዓሊ ቤት ተወልደህ ቀለም ስትበጠብጥ ያደግህ ሰው ነህ። ዘመኑ ሆነና ቀን ቀን የተጨበጠ ቡጢ ስትሥል ትውላለህ። ማታ ትመጣና እጅህን በደንብ ታጥበህ፣ አሁን ሥራዬን ልሥራ ትለኝ ነበር። የቀኑን ሥራ ሥራ ብለህ ጠርተኸው አታውቅም።

የደሴቱ ገዳም ሥዕሉን ሲያዝዝህ ርዝመቱን ብሰማ፣ ይሄ ሰው ለይቶለታል አልሁ። ከቤታችን የሚረዝም ሸራ! አቡጀዲውን ገጥሜ የሰፋሁት እኔ፣ ሙጫ ቀብቼ ያደረቅሁት እኔ። እቤት ተሠርቶ ኋላ ከመቅደሱ ግድግዳ ስለሚለጠፍ፣ አልጋችንን አቁመን፣ ግማሹን ጠቅልለን ግማሹን ዘርግተን ስንት ጊዜ ከረምን። አህያዋ ስትገለጥ ዮሴፍ ይጠቀለላል። አንድም ቀን ሙሉውን አላየነውም። የት እንዘርጋው? ቀበሌ አዳራሽ? እመቤታችንን ከነአህያዋ ከመፈክሩ ሥር! አንተማ ግድ የለም፣ ሲለጠፍ እናየዋለን ትል ነበር። እዚያ ገዳም ሴት እንደማትገባ ረስተኸው ኖሯል። ባስታውስህ ብሩሽህን አስቀመጥህ።

ደግሞ በእግሯ ስንት ተጣላን! እስከ ግብፅ በረሃ ስትንከራተት የኖረች እናት እግሯ እንዴት የተላጠ ሽንኩርት ይመስላል ብልህ፣ ሥርዓት ነው፣ ቅዱስ ነገር አይቆሽሽም ትለኝ ነበር። ግትር! እኔ ከመራዊ ባሕር ዳር በእግሬ እየተመላለስሁ ያደግሁ ነኝ። የሄደ እግር ምን እንደሚመስል ለእኔ ይነገራል? ታዲያ ሁሉን ጨርሰህ፣ ፊቷን እንኳ ጨርሰህ፣ ያንኑ የተጣላንበትን እግር ሳትነካው በሽታው ጣለህ።

የገዳሙ መምህር አባ ወልደ ሐና ለዘንድሮ ቁስቋም ሥዕሉ ይምጣልን ብለው ላኩብኝ። የሚጨርሰው ሰዓሊ ብፈልግ ማን አለ? ብሩሽህን አነሣሁ። እግሯን እኔ ሠራሁት፤ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ የለበሰ እግር። ብትችል ተነሥተህ ብሩሹን ትቀማኝ እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። አባ አይተው ይሄ ከሥርዓት ውጭ ነው ቢሉ፣ የመጨረሻ ሥራህ በእኔ ግትርነት መና ቀረ ማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት ሸራውን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ በታንኳ ተሻገርሁ። ከደሴቱ ዳር፣ ሴቶች ከሚቆሙበት፣ ለበዓሉ ከደቅ ደሴት የመጡ እናቶች ተቀምጠዋል። አባ ዲያቆናቱን አስከትለው ወረዱ። ሸራውን ሊያነሡት ሲሉ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አባቴ፣ እኔ እንደሁ አልገባ፤ ሙሉውን አይቼው አላውቅም፣ አንዴ ብቻ ቆሞ ልየው ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ተነሺ አሉኝ። ከዳሩ ካሉት ሁለት ዋርካዎች መካከል በገመድ አስወጠሩት።

ይርጋዬ! ምን ብዬ ልንገርህ! የሐይቁ ነፋስ ሲገባበት ሁሉም መሄድ ጀመሩ! አህያዋ፣ ዮሴፍ፣ ሰሎሜ፣ ሁሉም ወደ ፊት ዘንበል ብለው ይሄዳሉ፤ ሕፃኑ ብቻ በእናቱ ትከሻ ላይ ዞሮ እኛን ያያል። ቁራጭ ቁራጩን ሳይ አልገባኝም ነበር እኮ! አንተ ግን ያችን ጠባብ ቤት ተቀምጠህ ሙሉው ይታይህ ነበር። ኮራሁብህ። እናቶች እልል አሉ፤ እኔም ከማንም በላይ እልል አልሁ።

አባ ግን ቀረብ ብለው ቁልቁል እግሯን ያያሉ። አንገታቸውን መነቅነቅ ሲጀምሩ አንዲት የደቅ አሮጊት ብድግ አሉ። ውይ ልጆቼ፣ ስታወርዷት አፈር አስነካችኋት አሉና፣ የነጠላቸውን ጫፍ ከሐይቁ ነክረው የእመቤታችንን እግር ይጠርጉ ጀመር። ጠረጉ፣ ጠረጉ፤ አልለቅ አለ። ጎንበስ ብለው አዩት። ለካስ የራሷ ነው፣ የመንገዷ ነው አሉና ያንን አቧራ ስመው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ሌሎቹም ተከተሉ። አባ ሴቶቹ ስመው እስኪጨርሱ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ለዲያቆናቱ፣ ጠቅልላችሁ አስገቡ፣ እግሩ ጋ እንዳታጥፉት አሉ።

ለጸሎት የክርስትና ስምህን ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። የእግሩን ሠሪስ? አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። ለካ አውቀዋል! አንገቴን ደፍቼ የእኔንም ነገርኋቸው። እንግዲህ አንተ ከሙታን፣ እኔ ከሕያዋን ወገን፣ በአንድ ጸሎት እንጠራለን።

ሸራው በዛፎቹ መካከል አልፎ ሲሰወር ዳግመኛ እንደማላየው አወቅሁ። አልከፋኝም ብል ውሸቴን ነው። ግን አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ታየው የነበረውን እኔ ዓይኔን ገልጬ፣ ቆሞ፣ ሲሄድ አየሁት። ከነሕፃኑ አስተያየት፣ ከነነፋሱ፣ እስክንገናኝ ድረስ አንዱንም አልረሳብህም።

ያንተው የሺ