የወሩ ጸጥተኛ ተማሪ ተብላ ስለተሸለመችው ልጄ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ መሳፍንት፣ የሰፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር
ባሉበት

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ ተማሪ ሁሉ የሚበረግግለት ያ ፊሽካዎም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልዎ፤ በተለይ ከትኩሳት ይሰውርዎ። በእርስዎ ግቢ ትኩሳት የያዘውን ሰው ለይቶ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ባለፈው ወር አይቻለሁና ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው።

እኔ ቄስ ገዳሙ አንሙት፣ የሁለተኛ ክፍሏ ተማሪ የዜማ አባት ነኝ። በስሜ ባያስታውሱኝ የዚያች ቀዥቃዣ አባት ሲባል ያውቁኛል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ውለታዎ በሁለታችን መካከል ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ዜማ ወንበሯ ላይ ስለምትቁነጠነጥ፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ስለምትናገር፣ እርሳሷንም የትም ስለምትጥል ቢሮዎ ድረስ አስጠርተው ርኩስ መንፈስ ሳይኖርባት እንደማይቀር ነገሩኝ፤ ጸበል እንዳስጠምቃትም አዘዙኝ። እኔ ጸበል ስረጭ የኖርሁ ሰው ነኝ። የሰባት ዓመት ልጅ እግር እንዲደነዝዝ የጸለየ ካህን ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ስለዚህ ባለዲግሪው እርስዎ ወደ ጸበል ሲልኩኝ እኔ ቄሱ ልጄን ይዤ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ።

ሁለተኛ፣ ሐኪሟ ያስረዳችኝን ቢሮዎ ቆሜ ስነግርዎ እዚህ ትምህርት ቤት እንጂ ሆስፒታል አይደለም ብለው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ምናልባት አሁን ጊዜ ካገኙ ልድገመው። ልብን ሰብስቦ መቀመጥ፣ ተራን መጠበቅና ራስን መግታት ልጅ ይዞት የሚወለድ ነገር አይደለም፤ ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ የሚያድግ ነው። እንደ ዜማ ኤዲኤችዲ የሚባለው ትኩረትን የመሰብሰብ እክል ያለባቸው ልጆች ላይ ደግሞ ይኸው እድገት ይዘገያል፤ አንዳንዴም በዓመታት ይዘገያል። ስንፍናም፣ ብልግናም፣ ጋኔንም አይደለም። ትእዛዙ ካጠረላት፣ ከፊት ከተቀመጠች፣ በየመሀሉም ተነሥታ ከተንቀሳቀሰች ትማራለች። የአስተዳደግ ጉድለት ነው እንዳይሉኝ ደግሞ ታላቋ መቅደላዊት በዚህ ዕድሜዋ ተቀመጪ ካሏት ንቅንቅ አትልም ነበር፤ ሁለቱንም ያሳደግናቸው እኔና እናታቸው ደብሪቱ ነን፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ ቁጣ።

እኔ ራሴ ዲማ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ስማር እየተወዛወዝሁ፣ እየተመላለስሁ፣ ድምፄንም ከፍ አድርጌ ነበር። የኔታ የሚቆጡኝ ጸጥ ስል ነው። ዐይነ ስውር ነበሩና ጸጥ ያለ ተማሪ ወይ አንቀላፍቷል ወይ ታሟል ብለው በእጃቸው ዳብሰው ግንባሩን ይነኩ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ሽልማቱ። ዜማ ያን ማክሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ አልተንቀሳቀሰችም። ክፍል ገብታም ራሷን ዴስኩ ላይ ደፍታ ዋለች፤ አልጠየቀች፣ አልመለሰች፣ እርሳስም አልጣለች። መምህርቷ ፍቅርአዲስ ልጅቷ ያማታልና ወደ ቤት ትሂድ ብትልዎ፣ ገና አሁን ሰው መሆን ስትጀምር እንዴት ትሄዳለች ብለው ከለከሉ። ይባስ ብለው ከሰዓት በኋላ በተማሪው ሁሉ ፊት አቁመው የወሩ ጸጥተኛ ተማሪ እርሷ ናት አሉ፤ እጇንም ጨበጡ፤ አስጨበጨቡላት። ያ የጨበጡት እጅ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር፣ አቶ መሳፍንት። ጭብጨባው ሳያባራ ልጄ መሬት ላይ ወደቀች። ታይፎይድ ነበር። እናቷ ሆስፒታል አልጋ ሥር ስታለቅስ ሰንብታ ልጃችን በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈችልን።

ከዚህ በላይ በትሕትና መጻፍ አቃተኝ። እጸየፋለሁ። ለካህን የማይገባ ቃል መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከጤነኛ ልጅ ይልቅ የደከመች ልጅ ደስ የምትለው ትምህርት ቤት ሌላ ቃል አጣሁለት። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከፊት ያስቀምጧት፣ መቆም ስትፈልግም ትቁም።

ልጆቻችንን ጸጥ በማሰኘት ረገድ አቻ ላልተገኘልዎ ለእርስዎ፣ እጅዎን ለመጨበጥ ባልደፍርም ከሩቅ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ቄስ ገዳሙ አንሙት
ከይጁቤ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስሁት፦ ዜማ አሁን ድናለች፤ ቤቱንም እንደ ቀድሞው ታምሰዋለች። ትናንት ግን ከሩጫዋ ድንገት ቆም ብላ፣ ተማሪው ሁሉ እንዲያጨበጭብላት እንደገና የምትታመመው መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሸላሚዋ እርስዎ ነዎትና እባክዎ እርስዎ ይንገሯት።