መቶ ሃያ ዘጠነኛው ሳጥን

ውድ ታናሽ ወንድሜ፣

ሰው ሳይሰማ አንድ ነገር ልንገርህ። (መጽሔት ላይ እያወጡት «ሰው ሳይሰማ» ማለት ራሱ ያስቃል፤ ይሁን።) ይህን አምድ ስጽፍ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አዲስ ፋይል ከፍቼ አላውቅም። ያለችኝ አንዲት ፋይል ናት። ያለፈው ሳምንት ጽሑፍ አናት ላይ «አይታተም» ብዬ ጽፌ፣ አዲሱን ከሥሩ እቀጥላለሁ። ይኸው ነው ጉዴ። ትንሽ ነገር ይመስላል አይደል? አንተን ከሥራህ ያስወጣህ ግን እሱ ነው።

ስልኬን እንደማታነሳ አውቃለሁ፤ ሁለት ዓመት ሞክሬዋለሁ። እማዬ ግን አጋልጣሃለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሔቱን ይገዛና ያንቺን ገጽ አንብቦ ትራሱ ሥር ይከተዋል» አለችኝ። ስለዚህ በዚህ በኩል መጣሁብህ። ደግሞስ ያፈርከው በሰው ፊት አይደል? ይቅርታዬም በሰው ፊት ይሁን።

ታሪኩን አንተ ታውቀዋለህ፤ በትከሻህ አሻግረው ለሚያነቡት ስል ነው የምደግመው። ገጾቻችንን የሚያሰናዳውን ትንሽ የትእዛዝ ቋንቋ የፈጠርከው አንተ ነህ። እኛ በጽሑፋችን መሃል «ሳጥን ክፈት» ብለን እንጽፋለን፤ «አስተርጓሚው» የምትለው ፕሮግራምህ መስመር በመስመር እያነበበ ገጹ ላይ ጽሑፍ የሚከብ ሳጥን ይሠራልናል። «ሳጥን ዝጋ» ስንለው ይዘጋል። እኔ ጨዋታ ባማረኝ ቁጥር ሳጥን እከፍትና መዝጋቱን እረሳዋለሁ። እሱ ግን ተቆጥቶኝ አያውቅም፤ ወረቀቱ ላይ ራሱ ዘግቶ፣ አሳምሮ ያወጣልኛል።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ማተሚያ ቤት ልንገባ ሁለት ሰዓት ሲቀረን፣ አስተርጓሚህ እኔ ገጽ ላይ ሲደርስ ድርግም አለ፤ የመጽሔቱን ገጾች ሁሉ ይዞ። ሦስት ቀን ዘገየን። ዋና አዘጋጁ ጮኹብህ። አንተ ቀስ ብለህ «እንደገና እንዲወድቅ ማድረግ አለብኝ፤ ሲወድቅ ካላየሁት ማስተካከል አልችልም» አልክ። ወደ እኔ ዞረህም፣

«እታለም፣ ፋይልሽን ስጪኝ» አልከኝ።

እንዴት ብዬ ልስጥህ! ሳይታተም የቀረ የስንት ዓመት ረቂቄ ነው ውስጡ ያለው። ስለ ዋና አዘጋጁ ዊግ የጻፍኩት አለ። ስለ መጀመሪያ እጮኛህ የጻፍኩትም አለ። የዚያን ሳምንቱን ብቻ ቆርጬ በአዲስ ፋይል ሰጠሁህ። «ይኸው፣ ሌላ የለም» አልኩህ፤ ዓይን ዓይንህን እያየሁ።

ሦስት ሳምንት ደከምክበት። አልወድቅ አለ። «ጥፋቱን ደብቆ ነው» ተባለ። እኔ ሻይዬን አማሰልኩ። አንተ ቦርሳህን አንስተህ ወጣህ።

ከዚያ ወዲህ ገጽ የሚያቀናብረው ሌይአውት ሠሪያችን ያቺን ፋይሌን አያምናትም፤ የሳምንቱን ጽሑፍ ብቻ ኮፒ እያደረገ ያስገባ ነበር። ባለፈው ወር ታመመና ተተኪው ፋይሉን እንዳለ አስገባው። ድርግም! ዋና አዘጋጁ «እስከሚመጣው ወር ሁለተኛ ሐሙስ ካልተስተካከለ ይሄ የወንድምሽ ነገር ይጣላል» አሉና አንዲት የፕሮግራም ሞካሪ አመጡ። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። በሁለተኛው ቀን ስም አወጣንላት፦ «እስቲ ድገሚው»።

«እስቲ ድገሚው» አለችኝ። «መጀመሪያ በወደቀበት ቀን የተቀመጥሽበት ወንበር ላይ ተቀመጪ። ፋይሉን እንደዚያ ቀን ክፈቺ።»

ሌይአውት ሠሪው እንደ ልማዱ ኮፒ ሊያደርግ እጁን ሲሰድ በእስክሪብቶ መታችው።

«ምነው እቴ?»

«አታጽዳው! በሽተኛውን አጥበህ፣ አልብሰህ፣ አስቀህ ታመጣውና የት ጋ እንዳመመው ትጠይቀኛለህ!»

እኔ ወለሉን አየሁ። አጥቤ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ።

ፋይሉን አስረከብኳት። አሂድ የሚለውን ነካችው። ድርግም። ሳቀች፤ አዎ፣ በመውደቁ ደስ አላት! ከዚያ ዘጠኝ ዓመቴን ለሁለት ከፈለችው። የፊተኛውን ግማሽ ብቻ አስነበበችው፤ አልወደቀም። የኋለኛውን ብቻ፤ አልወደቀም። አብረው ሲሆኑ ድርግም። «አሃ» አለች፣ «አንድ መጥፎ መስመር የለም ማለት ነው። ተጠራቅሞበት ነው።»

ቀጥላ ቃላቴን ታጠፋ ጀመር። ሐሜቱ ሄደ፣ ቀልዱ ሄደ፣ ዊጉም ሄደ። አሁንም ይወድቃል። መጨረሻ ላይ ከዘጠኝ ዓመት ድካሜ ስክሪኑ ላይ የቀረው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር፤ ሳጥን ክፈት፣ ሳጥን ክፈት፣ ሳጥን ክፈት። እሱንም እየቀነሰች ቆጠረችው። መቶ ሃያ ስምንት ሲሆን ሳይወድቅ ይቆማል። መቶ ሃያ ዘጠኝ ሲሆን ይወድቃል። «እስቲ ድገሚው።» ይቆማል፤ ይወድቃል። አርባ ጊዜ ደገምነው፤ አርባ ጊዜ እዚያው ላይ።

ወንድሜ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማይ ቁጣ ያልነውን ነገር ይህቺ ሴት በመስመር ቁጥር ጠርታ «እዚህ ጋ ውደቅ» አለችው፤ እሱም እሺ አላት። ሌይአውት ሠሪው ቆቡን አወለቀ። አንተ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጠህ ምን እንደምታይ ያኔ ገባኝ። ስቄብህ ነበር እኮ።

«ወረቀቱ ላይ ይዘጋልሻል እንጂ ውስጡ አይዘጋውም» አለችኝ። «ያልዘጋሽውን ሁሉ፣ አይታተም ያልሽውንም ጨምሮ፣ ይዞ ይቆያል። መያዣ ቦታው መቶ ሃያ ስምንት ነው። ሲሞላ ይፈነዳል።»

«ወንድሜን ቁርጥ!» አልኩ ሳላስበው። «በፊቱ ይቅር ብሎ በሆዱ የሚይዝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እታለም የምትባለው ማን ናት?»

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ልክ ያ መያዣ ቦታ በተለካበት የፕሮግራምህ መስመር አጠገብ፣ ለራስህ የተውካት ማስታወሻ አለች፦ «መቶ ሃያ ስምንት ይበቃል። ከዚህ በላይ የሚከፍት ሰው የለም፤ እታለም ካልሆነች። አንድ ቀን ልጠይቃት።»

ጠየቅከኝ እኮ። እኔ ነኝ አጥቤ የሰጠሁህ።

እዚያው ተነስቼ ዋና አዘጋጁ ጋ ገባሁ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፋይሉም ለሁሉም ሰው ክፍት ነው፤ የሚፈልግ ያንብበው። (ዋና አዘጋጁ ማክሰኞ ባርኔጣ አድርገው መጡ።) ይህ ደብዳቤ እንዲወጣ የፈቀዱትም እሳቸው ናቸው፤ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ሞካሪዋ ይህ ስህተት ዳግም ሾልኮ እንዳያልፍ መቶ ሃያ ዘጠኝ መስመር ያለው፣ ቴስት የሚሉትን መሞከሪያ ጽፋለታለች። ስሙን «እታለም» አለችው። በየጠዋቱ ታስኬደዋለች፤ በየጠዋቱ ቀይ ያበራል፤ ገና አልተስተካከለም ሲል ነው። አስተካክዪው ብንላት «ማስተካከያው ሁለት መስመር ነው፤ ግን ባለቤቱ በሕይወት እያለ እጄን አላስገባም» ብላናለች።

ይጣል አይጣል የሚወሰነው የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ እዚያው አንተ ክፍል ነው። ወንበርህ መስኮቱ ሥር ነው፤ ጎማው አሁንም ይንጫጫል። ከመጣህ ቴስቱ ቀይ ሆኖ ይቆይ እንደሆነ ወይም አረንጓዴ ይሆን እንደሆነ አብረን እናያለን። ካልመጣህም ከክፍሉ እንደወጣሁ ቁጭ ብዬ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንዳፈረ፣ መብራቱ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ አንድ ሳላስቀር እጽፍልሃለሁ። በአዲስ ፋይል።

ከፍታ የማትዘጋው እህትህ፣
እታለም