የይግዛው ቁልፍ

ልጄ ተስፋው፣ የካርቱም ፀሐይ አያክሳህ፤ እመብርሃን ጥላ ትሁንህ። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ቢመስልህም ሳትስቅ አንብብ። እህትህን ማሬን ኮሌራ ወሰደብን። የመድኃኒት ቤቱ ጠባቂ ይግዛው «ያለ አለቃዬ ፈቃድ አልከፍትም» ብሎ ደጁ ላይ አስቀመጠን፤ እዚያው አረፈች። በሽታው እንዳይዛመት ለቅሶ ተከልክሎ ነበርና አርባዋን ጠብቄ ሙሾ አወጣሁበት፦

«መድኃኒቱ በሣጥን፣ ቁልፉ በይግዛው ኪስ፤
ምን ነበር ቢከፍተው ሳትወጣ የልጄ ነፍስ።»

አሁን ገበያተኛው ሁሉ ይለዋል። ይግዛው ሽማግሌ ልኮ «እታለም፣ ማሪኝ» አለኝ። «ቁልፉን ለቄሰ ገበዙ ስጥና አስብበታለሁ» አልኩት። ሰጠ፤ ሕመምተኛውም መድኃኒት ያገኛል። እኔ ግን ገና እያሰብኩበት ነው።

ጤና ይስጥህ ልጄ፤ ፊደል ከእኔ ይልቅ ታውቃለህና ለሙሾው አንድ ስንኝ ጨምርልኝ።

እናትህ እታለም