ከአውሮፕላን ጋር የተጋራኋቸው ባለቤቴ

ባለቤቴ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። ከዚያም በመነጽር ሥራ ሙያ ሠልጥነው በዋናው መንገድ ዳር በሚገኝ መነጽር ቤት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያች ጠባብ ክፍል አልተነሱም። እዚህ ከተሰበሰባችሁት ብዙዎቻችሁ መነጽራችሁን የሠሩላችሁ እሳቸው ናቸው።

በ1971 ዓ.ም. ጋብቻ መሥርተን አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተናል። በሠርጋችን ሰሞን ዓይናቸው ከእኔ ላይ አይነቀልም ነበር። ይህን የምለው ኋላ ወዴት እንደዞረ እንድታውቁልኝ ነው።

በ1986 ዓ.ም. አንድ ደንበኛቸው ከመሬት ሆነው በሪሞት የሚያበሯት ትንሽ የሞዴል አውሮፕላን ንድፍ ሰጧቸው፤ ቤቱም ከዚያ ወዲህ የእሷ ሆነ። «እሷ» የሚሏት አውሮፕላኗን ነው። በምግብ ጠረጴዛችን ላይ እንጨት በምላጭ ተቆረጠ፣ ሙጫ ፈሰሰበት። ክንፏ ሳይጣመም እንዲደርቅ በእኔ በኩል አልጋው ላይ ጣውላ ተነጥፎላት ተኛች፤ እኔ ሶፋ ላይ አደርኩ። ቀናሁ። ሰው በእንጨት ይቀናል ወይ የምትሉ ካላችሁ፣ አቧራዋን በጥጥ ሲጠርጉላት አላያችሁም።

ማብረር ሲለማመዱ ብዙ ተፈትነዋል። አውሮፕላኗ ስትርቅ ደህና ናት፤ ዞራ ወደ ሰው ስትመጣ ግን ግራው ቀኝ ይሆናል። ይህ እየተምታታባቸው ደጋግመው አፍንጫዋን ሰበሩ። ስብርባሪዋን ታቅፈው ሲገቡ ሻይ አፍልቼ አጽናናኋቸው፤ ልቤ ግን ቅቤ ይጠጣ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሐኪሙም የነርቭ ሕመም መሆኑን ነገራቸው። ብቻቸውን ማብረር ሲያቅታቸው ሁለት ሪሞት በገመድ አገናኝተው አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። ለማጁ ሲሳሳት አስተማሪው በራሱ ሪሞት ላይ ያለውን ማብሪያ ተጭኖ አውሮፕላኗን ይረከባል። እኔም ውሎ አድሮ ለመድኩ። አንድ ቀን ረጋ ብላ ዞራ ወደ እኛ ስትመጣ፣ ምንም ሳላጠፋ ነጠቁኝ። በእሳቸው እጅ ስትንገዳገድ ቶሎ መለሱልኝ። ምን አጥፍቼ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምንም። በጣም ተስማማችሁና አላስችል አለኝ» አሉ። ሲናገሩ የሚያዩት እሷን ሳይሆን እኔን ነበር።

እኔው አሳረፍኳት። እስከ ቤታችን በር ድረስ አኮረፉኝ፤ እኔ ደግሞ በደስታ የምይዘውን የምጨብጠውን አጣሁ።

ባለቤቴ ሕመሙ ስለጸናባቸው በቤታቸውና በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ለታላቅ እህታቸው፣ ለልጆቻችን፣ ለልጅ ልጆቻችንና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እመኛለሁ። አውሮፕላኗን ለማን ትሰጫታለሽ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝም፣ ለማንም አልሰጣትም።

አምላክ ነፍሳቸውን ሕመም በማያውቃት፣ እጅ በማይንቀጠቀጥባት ስፍራ ያሳርፍልኝ። እስካሁን እሳቸው ወደ ላይ ሲያዩ እኔ ከጎን ሆኜ እሳቸውን አይ ነበር። ከእንግዲህ ሜዳው ላይ ቆሜ የማበርራት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ከላይ ሆነው ይዩን፣ ይቅኑም። ምንም ሳላጠፋ ቢነጥቁኝ አልቆጣም።