ማንም እንደሌለ ሆነው ሱቄን ለሚለኩት ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለክቡር አቶ ሃርላን ድራይስዴል፣
በሐይቁ ዳር ላለው የመንግሥት ሕንጻ ሥራ አስኪያጅ፣ ዱሉዝ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ሰሞኑን ዕረፍት ላጣው ሜትርዎ ጤናን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሎሬታ ክሬንሾ፣ በሕንጻዎ ምድር ቤት ሾርባና ሳንድዊች የምሸጠው ዐይነ ስውር፣ እስካሁን ደኅና ነኝ፤ እስከ መቼ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

ሕጉ በመንግሥት ግቢ ምግብ ለመሸጥ ለዐይነ ስውራን ቅድሚያ ይሰጣል። ሕጉን ሳይነኩ እኔን ለማስወጣት የደከሙት ድካም ሳይመሰገን እንዳይቀር ብዬ ይህን ጽፌያለሁ።

፩. ሱቄን «ምግብ ቤት ሳይሆን ማረፊያ ክፍል ነው» ብለው፣ ማረፊያ ክፍልን ደግሞ ሕጉ አያውቀውም ስላሉልኝ አመሰግናለሁ። ሾርባው ይህን ስላልሰማ አሁንም ይፈላል።

፪. ሳንቲም ሲጎርሱ ብስኩት ስለሚተፉት ማሽኖችም አመሰግናለሁ። መጀመሪያ በሩ አጠገብ ያጉረመርሙ ነበር፤ አንድ በአንድ እየተጨመሩ ዛሬ ከባንኮኒዬ ሆኜ በእጄ እነካቸዋለሁ።

፫. ስለ ጉብኝትዎ ምን ልበል? ሰዎች አስከትለው ድምፅዎን አጥፍተው ይመጣሉ፤ ሜትሩ ሲዘረጋና ተመልሶ ሲገባ እሰማለሁ፤ «ማን አለ?» ስል ሁላችሁም ዝም ትላላችሁ። ሐሙስ ዕለት፣ ለዓመታት ቁርሱን ከእጄ የበላውን ጥበቃውን ኧርልን ብጠይቀው፣ «ኧረ ማንም የለም፣ ሎሬታ፤ ደግሞ ጀመረሽ?» አለኝ፤ ድምፁ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እርስዎ የሚያኝኩት የናና ማስቲካም አፍንጫዬ ሥር ይሸት ነበር። ክቡር ሆይ፣ ፈራሁ። በገዛ ሱቄ ቢላዬን በዳበሳ ፈለግሁ፤ ሽንኩርት ልከትፍ ግን አልነበረም።

ይህ ሱቅ ከተዘጋ የሰው እጅ ጠባቂ ሆኜ ቤቴ እቀመጣለሁ። ስለዚህ በራሴ እግር አልወጣም፤ ነገም እከፍታለሁ።

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣ ከባንኮኒዋ ጀርባ የማትነቃነቀው፣
ሎሬታ ክሬንሾ

ማስታወሻ፦ እኔ ዘንድ ገዢ ሁሉ የሚሰጠኝን ኖት ስንት እንደሆነ ይነግረኛል። እርስዎ ባለፈው ወር «አምስት ዶላር» ብለው ሃያ ሰጡኝ፤ ትናንትም እንዲሁ። ኖት የሚያነብልኝ ማሽኔ ስለነገረኝ ትርፉን መልሼልዎታለሁ። ክንድ በሚያክል ፊደል የተጻፈውን ዋጋም ሰሌዳው ሥር ቆመው ጠየቁኝ። እባክዎ የዐይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ክፉ ነገር ከነገረዎ ሕጉ ለእርስዎም ቅድሚያ ይሰጣል፤ ሥራውን ራሴ አለማምድዎታለሁ፤ ያኔ ግን ሱቁን አስቀድመው አፍርሰውት ይሆናል።