በትንባሆ ቅጠል መድኃኒት ያበቀሉት የዶክተር የኔአለም ወልደ ሩፋኤል የሕይወት ታሪክ

ዶክተር የኔአለም በግንቦት ወር 1960 ዓ.ም. ዲማ ውስጥ ከመሪጌታ ወልደ ሩፋኤልና ከወይዘሮ አሰገደች ተወለዱ። አፋቸውን ከፈቱ ጀምሮ ጠያቂ ሴት ልጅ ስለነበሩ ዳዊት የሚደግሙትን አባታቸውን ዕረፍት ነስተዋል።

በ1971 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ገዳሙ በእብድ ውሻ ተነከሰ። ሐኪም ቤት ቢወሰድም በሽታውን የሚመክተው መርፌ አልነበረም፤ ልጁም ሞተ። የኔአለም እንባቸውን ጠርገው ያን መድኃኒት እኔ እሠራዋለሁ አሉ፤ ሰውም የልጅ ነገር ብሎ ተወው።

ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው በሐረማያ የዕፅዋት ሳይንስ አጠኑ። በ1992 ዓ.ም. መምህር እንዳላማውን አግብተው ወንጌላዊትንና መሳፍንትን ወለዱ። ኋላም ለዶክትሬት ጀርመን ሄደው ሳለ፣ ዘረመሉ የተለወጠ ተክል በሽታ የሚመክተውን የሰውን ፀረ እንግዳ አካል በቅጠሉ ሲሠራ አዩ። በደስታ የሚሆኑትን አጡ! ቅጠል እንደ ጥገት ላም ይታለባል እያሉ ላገኙት ሁሉ ያወሩ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ተመልሰው ችግኝ በሚበቅልበት ላስቲክ ቤት ሥራ ጀመሩ። ችግሩ ተክሉ ትንባሆ መሆኑ ነው። ሊጠይቋቸው የመጡት መሪጌታ ይህን ሲያዩ ደንግጠው፣ ልጃቸው በሌለችበት ችግኙን አንድም ሳያስቀሩ ነቅለው ቤቱን ጠበል ረጩት። ዶክተር የኔአለም አለቀሱም፣ ሳቁም። ቅጠሉ ገዳሙን ለገደለው በሽታ መሆኑን ሲያስረዷቸው መሪጌታ፣ «እንግዲያ እንደገና ዝሪው፤ ላጭስ የሚል ከመጣ በመቋሚያዬ አባርርልሻለሁ» አሉ። ቃላቸውንም ጠበቁ።

ሥራው ግን ቶሎ አልያዘም። አንዴ ከቅጠሉ የሚገኘው ያንሳል፣ አንዴ ሲጣራ ይበላሻል። እርሳቸውም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው ዳግም ይዘሩ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ያዛቸው። ባለፈው ጥር አልጋ ላይ ሳሉ ባልደረባቸው አበባው ደወለ፤ ከቅጠሉ የወጣው ፀረ እንግዳ አካል በቤተ ሙከራ የእብድ ውሻውን ቫይረስ ገታው! ዶክተር የኔአለም በዚያ በደከመ ድምፅ እልልታውን አቀለጡት። ነርሶቹ ምን መጣ ብለው እየሮጡ ገቡ።

መድኃኒቱ በሰው ላይ ገና አልተሞከረም፤ የሚቀረው ብዙ ነው። እርሳቸው ግን የናፈቁትን ሰምተው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ። አባታቸውን፣ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተውልናል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ የጀመሩትን የሚጨርሱትን ያበርታ። ውሻ የነከሰውን ልጇን ይዛ የመጣች እናት፣ ልጇን ይዛ የምትመለስበትን ቀን ለሁላችንም ያሳየን። አሜን።