ከቀዩ ማቆሚያ አጠገብ

ልጄ፣ እጅሽን ከክፉ ይጠብቅልኝ፤ የነካሽው ሁሉ ይባረክልሽ። እኛ ደህና ነን።

የላክሽው በኮምፒውተር የሚታዘዝ እንጨት መቅረጫ ማሽን የሰፈሩ የጋራ ወርክሾፕ ውስጥ ተተክሏል። አባትሽ ግን የአናጢ አመሉ አልለቀቀውም፤ ሰጋቱራ ካየ በመዳፉ ካልጠረገ አይሆንለትም። ትናንት ምሳውን ላደርስለት ስገባ ማሽኑ ለአፍታ ዝም አለ። ያለቀ መስሎት እጁን ሰደደ። ስለቱ ድንገት ተነስቶ እጅጌውን ጠቀለለው! በቪዲዮ ያሳየሽኝን ቀዩን የማሽኑን ማቆሚያ ቁልፍ እንዴት ዘልዬ እንደተጫንኩት አላውቅም። ጣቶቹን ሁለቴ ቆጠርኳቸው፤ አሥር ናቸው። እሱ ግን ለሰው ሁሉ «እጅጌዬን ሚስማር ያዘኝ» ይላል።

እኔ ብናገር «አንቺ ደግሞ ፈሪ ነሽ» ይለኛል። «ማሽኑን ሳታጠፋ እጅህን አትስደድ» ብለሽ አንቺ ጻፊለት፤ የኔን ስም አታንሺ። ዕድሜሽ ይርዘም። ቃልሽ እስኪደርስ ሹራቤን እዚያው፣ ከቀዩ ማቆሚያ አጠገብ ተቀምጬ እሠራለሁ።

እናትሽ